ወጣት ተከላካይ እንዴት ይመዘናል?

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳው ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። የዚያ ዓመት ወሬ በተነሳ ቁጥር ስሙ የሚቀድመው 23 ግብ አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ይነሳል። ተገቢም ነው። ዋንጫው ግን የተለየው በግብ ልዩነት ነበር፤ ጅማና ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጥብ እኩል ጨርሰዋል። የግብ ልዩነት ካገቡት ላይ የገባባቸው የሚቀነስበት ሒሳብ ስለሆነ፣ ከግብ አፋፍ የተመለሰች አንዲት ኳስ መረብ ላይ ካረፈች አንዲት ኳስ እኩል ትመዝናለች። በተከታዩ ዓመት በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ሲገናኙም በደርሶ መልስ የተቆጠረባቸው ሁለት ግብ ብቻ ነው፤ በድምር 2 ለ 1 ተሸንፈው ወጡ። ይህን የሠራውን የኋላ መስመር በቃሉ የሚዘረዝር ሰው ማግኘት ግን ይከብዳል። መርሳቱ ደጋፊው ላይ ቢቆም ምንም አልነበረም፤ ችግሩ ተጫዋች መልማዩም በዚያው ዓይን ማየቱ ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ ወይም ከየቡ የሚመጣ የ17 ዓመት መሀል ተከላካይ ዓይን የሚገባው በሸርታቴው፣ በቴስታውና በቁመቱ ነው። መመዘን ያለበት ግን እሱ በመኖሩ ሳይፈጠር በቀረው አደጋ ነው፤ ያውም በአንድ የክረምት ውድድር ሳይሆን በዓመታት።

የመሀል ተከላካይ ሥራ የሚጀምረው ኳሷ ገና ሩቅ ሳለች ነው። የተጋጣሚ አማካይ ቀና ብሎ ወደፊት ሲያይ ተከላካዩ ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ወደፊት ገፍቶ አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ ያስቀረው ወይስ ወደኋላ አፈግፍጎ ከጀርባው ያለውን ክፍት ቦታ ይዝጋ? ለዚህ ሰውነቱን ወደ ጎን አዙሮ መቆም፣ ኳሷንም አጥቂውንም በአንድ እይታ መያዝ፣ አንገቱን ደጋግሞ ወደ ትከሻው መመለስ፣ ከጎኑ ያለውንም ጓደኛውን በቃል ማንቀሳቀስ አለበት። ይህ ሁሉ በትክክል ሲሆን አማካዩ ሐሳቡን ይቀይርና ኳሷን ወደ ጎን ወይም ወደኋላ ይሰጣል። ከመቀመጫው ለተነሳ ተመልካች ምንም አልተፈጠረም። በተቃራኒው ቦታውን የሳተ ልጅ ሮጦ ደርሶ፣ ተንሸራትቶ ኳሷን ሲያስጥል ሜዳው በጭብጨባ ይናወጣል። ሸርታቴ ነውር አይደለም፤ የመጨረሻው መሣሪያ ነው። በአንድ ጨዋታ አምስት ጊዜ የመጨረሻውን መሣሪያ የመዘዘ ልጅ ግን ጎበዝ ነው ከመባሉ በፊት ከፊተኞቹ መሣሪያዎች የትኛው እንደጎደለው ሊጠየቅ ይገባል።

ያልሆነን ነገር እንዴት መመዘን ይቻላል የሚል ካለ፣ ጅማ ይህን ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት ሠርታዋለች፤ በቡና። ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ መታየቱ ሲታወቅ፣ መልኮ ያለው የጅማ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጫካ ገብተው የፈለጉት ፍሬ የበዛላትን ዛፍ ብቻ አልነበረም። ጎረቤቶቿ ፍሬያቸው ጠቁሮ ሲረግፍ እሷ ደህና የቆመችውን ነበር። ዘሯ ተወሰደ፤ ችግኟ ሆን ተብሎ በበሽታው ተፈተነ፤ ከዚያም በማሳ ላይ ታየ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተመረጡ ነው፤ ገበሬው እጅ የገቡት ግን ዓመታት ቆይተው ነው። የዚህ አሠራር ብልሃቱ «ጎረቤቶቿ ሲረግፉ» የምትለዋ ላይ ነው። በሽታ ባልደረሰበት ሸለቆ ጤነኛ ሆና የተገኘች ዛፍ በሽታ ትቋቋማለች አይባልም፤ አልደረሰባትም እንጂ። ተከላካይም እንደዚያው ነው። ሁሉን በሚያሸንፍ ቡድን ውስጥ ያለ፣ በጨዋታ ሦስት ጊዜ ብቻ ጥቃት የሚያየው ልጅ ንጹሕ መዝገብ ስለእሱ የሚነግረን ጥቂት ነው። ስለዚህ መልማዩ መሄድ ያለበት የሻምፒዮኑ ቡድን ተከላካይ ጋ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚከበበው ደካማ ቡድን ውስጥ ያለው ልጅ ጋ ነው። በእርግጥ ደካማ ቡድን ብዙ ይገባበታል፤ ልጁም አብሮ ይወቀሳል። ለዚህ ነው ጠቅላላ ውጤቱን ትቶ እያንዳንዱ ግብ በማን በኩል እንደተጀመረ መለየት የሚያስፈልገው።

ለዚህ ቪዲዮ የለም፣ መረጃ የሚሰበስብ ባለሙያ የለም፣ ክለቡ የከተማ አስተዳደር በጀት ጠባቂ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት ነው፤ ሆኖም የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት ይዞ ዓይኑን ከኳሷ ላይ የሚያነሳ አንድ ሰው ነው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አንድ ልጅ ብቻ ይታያል፦ አጥቂ ስንት ጊዜ ከጀርባው አመለጠ፣ ኳስ ሲደርሰው ስንቴ ለወገን ሰጠ፣ ስንቴ ዝም ብሎ ጠለዘ፣ ከተሳሳተ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ምን ሆነ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። አጥቂ አራት ዕድል አምክኖ አምስተኛውን ቢያገባ ጀግና ይሆናል፤ ተከላካይ ሰማንያ ደቂቃ ጥሩ ሠርቶ አንዴ ቢስት የሚታወሰው በስህተቱ ነው። ከፋሲል ከነማ ጋር በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሳው ተከላካይ ያሬድ ባየ፣ ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ ከኬፕ ቨርዴ ጋር በነበረው የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ በ12ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ አየ፤ ኢትዮጵያም 1 ለ 0 ተሸነፈች። ያን አንድ ቅጽበት ብቻ ያየ መልማይ ስለተጫዋቹ ያወቀው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። የሥራው ጠባይ ይህ ስለሆነ አንድ ጨዋታ አይቶ መፍረድ ከማንም ይልቅ ተከላካይን ይበድላል።

ዕድሜ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ዛሬ ለወጣት ቡድን የሚፈተኑት ልጆች ሁሉም ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማንሳት የጀመረውም የዕድሜ ጥያቄ የአንድ አገር ብቻ ስላልሆነ ነው። ማጭበርበር ባይኖር እንኳ በ16 ዓመቱ ያደገ ልጅ ገና ካላደገው ጋር ሲሻማ በጉልበት ያሸንፋል፤ ቦታ አያያዝ ለመማርም አይገደድም። በ20 ዓመቱ እኩዮቹ ሲደርሱበት ትርፉ ሁሉ ያልቃል። ትንሹ ልጅ በአንጻሩ ቀድሞ ካላሰበ ስለማያስጥል ማሰብ ይለምዳል። ስለዚህ ልጁ ዛሬ የደረሰበትን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ የተጨመረለት ነገር መታየት አለበት።

ተከላካይ ዘግይቶ የሚበስል መሆኑን ከሩቅ ስፖርትም ማየት ይቻላል። የበረዶ ሆኪ ጅማ ላይ ማን ያውቀዋል ቢባልም ምዘናው ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ የሰሜን አሜሪካ ክለቦች ወጣቶችን በ18 ዓመታቸው ተራ ገብተው ይመርጣሉ። ስዊድናዊው ተከላካይ ኒክላስ ሊድስትሮም እ.ኤ.አ. በ1989 የተመረጠው 53ኛ ሆኖ ነው፤ የምርጥ ተከላካይነቱን ሽልማት መጀመሪያ ያገኘው በ31 ዓመቱ ሲሆን በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ወስዶታል። ከእሱ በፊት የተጠሩትን 52 ልጆች የመረጡት ባለሙያዎች ሞኞች አልነበሩም፤ በ18 ዓመት የሚታየው ነገር ትንሽ ስለሆነ ነው። በእግር ኳስ ቨርጂል ቫንዳይክም ለኔዘርላንድስ ብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተጫወተው 24 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ፓውሎ ማልዲኒ በ16 ዓመቱ ለኤሲ ሚላን ተሰልፎ የለም ወይ? ተሰልፏል። ግን ማልዲኒ ልዩ ነበር፤ በልዩ ሰው መስፈርት ሌላውን ሁሉ መለካት ብዙ ልጅ በ19 ዓመቱ አሰናብቶ ወደ ቡና ለቀማ መመለስ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ግን ከሜዳውና ከሊጉ ነው። ክረምቱ በሚበረታበት በጅማ ዙሪያ ጭቃ ላይ ኳስ ከኋላ እየተቀባበሉ መውጣት ራስን ማጥፋት ነው፤ ጠልዞ የሚያርቅ ተከላካይ ቡድኑን ያተርፋል ይላሉ አሰልጣኞች። ክለብ ደግሞ ለአምስት ዓመት የመጠበቅ ቅንጦት የለውም። ጅማ አባ ቡና በ2009 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዚያው ዓመት ወረደ፤ አባ ጅፋርም ዋንጫ ካነሳ ከአራት ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ አሰልጣኝ ለዛሬ የሚሆነውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ሆኖም ይህ ክርክር የሚያስረዳው ልጁ ለምን ጠልዞ እንደሚጫወት ነው እንጂ ሌላ እንደማይችል አይደለም። ያው ልጅ በደረቁ ወር፣ በደህና ሜዳ፣ ጫና ሳይበዛበት ኳስ ሲደርሰው ቀና ብሎ ካየ ጭቃው የሸፈነው ችሎታ አለ፤ እዚያም ከጠለዘ የለም። ዋጋውም ቢሆን መልሱን ይደግፋል፤ አንድ ወጣት ለሦስት ዓመት ማቆየት በየዓመቱ በፊርማ ክፍያ አዲስ ተከላካይ ከማምጣት ይረክሳል።

በውጭ ሊጎች ስማቸው የታወቀውን ኢትዮጵያውያን ስናስብ ሳላዲን ሰይድ፣ ጌታነህ ከበደ፣ ኡመድ ኡኩሪ፣ ሽመልስ በቀለ ይመጣሉ፤ ሁሉም አጥቂ ወይም አማካይ ናቸው። በብሔራዊ ቡድኑ የኋላ መስመር የተሰለፈው ዋሊድ አታ ደግሞ የተኮተኮተው ስዊድን ነው። ግብ በቁጥር ይጻፋል፣ ቁጥር ድንበር ይሻገራል፤ የተከላካይን ሥራ የሚመሰክር ወረቀት ግን ከጅማ አይወጣም። ስለዚህ የ17 ዓመት መሀል ተከላካይ ይዞ የመጣ አሰልጣኝ ዛሬውኑ የመጨረሻ ፍርድ ሊሰጠው አይገባም። ልጁ ዘንድሮ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው በከፍተኛ ሊግ ብዙ በሚጠቃ ቡድን ውስጥ ሃያ ጨዋታ ያድርግ፤ ያው ሰው፣ ያንኑ ወረቀት ይዞ ሦስቱን ወይም አራቱን ይመልከት፤ በዓመቱም ተመልሶ ይምጣ። አጥቂ ከጀርባው የሚያመልጥበት ጊዜ ቀንሶ፣ ለወገን የሚሰጠው ኳስ በዝቶ ከተገኘ የፕሪሚየር ሊግ ልምምድ ይጠራ። ካልሆነ ግን ቁመቱ ምንም ቢረዝም፣ ሸርታቴው ምንም ቢያስጨበጭብ ሌላ አንድ ዓመት እዚያው ይቆይ፤ ወረቀቱም አብሮት ይቀመጥ።