ልጆቻችን በዘፈን የሚሉን

በገበያ ቀን በደቡብ ጎንደሯ ወገዳ ዘፈን የሚያስጭን ጎረምሳ አይጠፋም። ሚሞሪውን ለባለ ሱቁ ይሰጥና «የፍቅር ብቻ አድርግልኝ» ይላል፤ ቀና ብሎ ግን አያይም። ከስማዳ እስከ እስቴ የማውቃቸው አፍላ ልጆች ስለ ስሜታቸው የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኙት ከዚያች ሚሞሪ ነው ብል አላጋነንኩም። የባዮሎጂ መምህሩ የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «ራሳችሁ አንብቡት» ብሎ ያልፈዋል። እናት ለሴት ልጇ «ከወንድ ራቂ» ትላታለች። ለወንዱማ እሱም የለ።

ዘፈን ምን ያደርግላቸዋል? የቆየ ዘዴ አለን። ሰርግ ቤት አዝማሪው መሰንቆውን ሲገዘግዝ አንዱ ይነሳና «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። የተወደደችው ልጅ እዚያው ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። ፊት ለፊት ቢናገረው ነውር የሚሆነው ነገር በአዝማሪው አፍ ሲወጣ ድንኳኑ ሁሉ ያጨበጭባል። የሰማች ሰማች። ልጁም ስሜቱ ሰው ፊት ቆሞ ሲጨበጨብለት ያየዋል፤ «ለካ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም» የሚለው ያኔ ነው። ኤርፎን ለሁለት ተካፍለው ያንኑ ዘፈን አሥር ጊዜ የሚመላልሱት ልጆችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሌላ ሰው ይናገርላቸዋል።

የሴቶቹ ነገር ይከብዳል። ሕጉ 18 ዓመት ቢልም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ከደቡብ ጎንደር አልጠፋም። ማንን እንደምትወድ ሳታውቅ የሙሽራ ዘፈን የተዘፈነላት ልጅ ብዙ ናት። በ2005 ዓ.ም. የጀመረው «የኛ» ይህንን ነበር የነካው። የሬዲዮ ድራማ ነበር፣ የአምስት ሴቶች የሙዚቃ ቡድንም ነበር፤ ከአስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ»ን የተጫወቱት እነሱ ናቸው። የእንግሊዝ ጋዜጣ «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ ካብጠለጠላቸው በኋላ የዚያ አገር መንግሥት በ2009 ገንዘቡን አቋረጠ። ለመቀለድ ቀላል ነው፤ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ለተቃረበች ልጅ ግን በሬዲዮ «እምቢ በይ» የሚላት ጓደኛ ማግኘት ቀልድ አይደለም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። «የኛ» ከአደጋ መሸሽን አስተማረ እንጂ ልጅቷ ራሷ ስለምትፈልገው ብዙም አልደፈረም። በዚያ በኩል ድምፃዊቷ አስናቀች ወርቁ በአንድ ክራር ብቻዋን ርቃ ሄዳለች።

ሰው የማያነሳውንም ላንሳ። ልቡ ወደ ሴት የማያዘነብል ወንድ ልጅ፣ ወደ ወንድ የማታዘነብል ሴት ልጅም አሉ፤ እኛ ዘንድም አሉ። እንግሊዝ አገር ብሮንስኪ ቢት የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1984 «ስሞልታውን ቦይ»ን ሲያወጣ ከትንሽ ከተማ ስለሚሸሽ እንዲህ ያለ ልጅ ዘፍኗል። እዚህ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ጎረቤት አለ። ስለዚህ አይናገሩም፤ እኔም ተናገሩ አልልም። ትዝታ ግን የናፈቁት ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያስለቅሳል። ብቻውን ለሆነ ልጅ ይህ ትንሽ አይደለም።

የሚያስፈራኝ ደግሞ አለ። «እምቢ ማለቷ አፍራ ነው፣ አትተዋት» የሚል መንፈስ ያላቸው ዘፈኖች ሞልተዋል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር፤ ይህ የቀረው በ1996ቱ ሕግ ነው። ጠለፋ እንደ ወንድነት በተቆጠረበት አገር እንዲህ ያለ ዘፈን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ቢሆንም ልጆቹን ሚሞሪያችሁን ደምስሱ አልላቸውም። ዘፈኑን ክፍል ውስጥ አብረን እንሰማና «ልጅቷ መልስ ብትሰጥ ምን ትል ነበር?» እላለሁ። ባለፈው ሴቶቹ ግጥም ሰጡ፣ ወንዶቹ ተቀባይ ሆኑ። አንዱ ስንኙ ሲከብደው «አልቀበልም» ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩ ደወል እስኪደወል አላለቀም።