የጎዳና ብስክሌት የፊት ማርሽ መቀየሪያ አስተካከል፦ ቅደም ተከተሉ ለምን ወሳኝ ሆነ?

የጎዳና ብስክሌት ሁለቱ የማርሽ መቀየሪያዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው አንድ አይደለም። የኋላው መቀየሪያ ሰንሰለቱን የሚመራው ጫና በሌለበት፣ ላላ ባለው የታችኛው ክፍል ላይ ነው፤ አብረውት የሚሽከረከሩ ሁለት ትናንሽ ባለጥርስ መንኮራኩሮችም ያግዙታል። የፊተኛው ግን ሰንሰለቱን የሚገፋው ብስክሌተኛው በእግሩ ጉልበት ወጥሮ በያዘው የላይኛው ክፍል ላይ ነው። መግፊያውም የውስጥና የውጭ ግድግዳ ያለው ጠባብ የብረት ማቀፊያ ብቻ ነው። ስለዚህ የፊተኛው መቀየሪያ ለአስተካከል ስሕተት ያለው ትዕግሥት እጅግ አነስተኛ ነው።

ችግር ሲገጥም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ካቻቪቴ ነው። ሁለቱ የገደብ ብሎኖች ለዓይን ቅርብ ስለሆኑ ጥፋቱ ሁሉ የእነርሱ ይመስላል። ይሁን እንጂ የማቀፊያው ከፍታና አቅጣጫ በቦታው ካልሆነ ብሎን ማዞር አንዱን ጉድለት በሌላ ጉድለት መሸፈን ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም የማስተካከያው ቅደም ተከተል ከስልቱ አሠራር የሚመነጭ እንጂ የልማድ ጉዳይ አለመሆኑን ማሳየት ነው።

የሥራውን ክብደት በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። በሰንሰለት ላይ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 50 ጥርስ የሆነው ትልቁ የፊት ማርሽ ወደ 101 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 34 ጥርስ የሆነው ትንሹ ደግሞ ወደ 69 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ አለው። እንግዲህ ሰንሰለቱ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲዘዋወር 32 ሚሊ ሜትር ያህል መውጣት አለበት። በኋላ በኩል በ1 ወይም በ2 ጥርስ በሚለያዩ ጎረቤት ማርሾች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ብስክሌተኛ 170 ሚሊ ሜትር በሆነ የፔዳል ክንድ ላይ 300 ኒውተን ቢያሳርፍ፣ በትልቁ ማርሽ ላይ ያለው የሰንሰለት ውጥረት ወደ 505፣ በትንሹ ላይ ያለው ደግሞ ወደ 740 ኒውተን ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ሰንሰለቱ ወደ ላይ እንዲወጣ የሚጠየቀው ይበልጥ በተወጠረበት ሰዓት ነው። ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት ፔዳሉን ለግማሽ ዙር ያህል ሳያቋርጡ ቀለል አድርጎ መርገጥ ከማናቸውም ብሎን የበለጠ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሰንሰለት ሲወልቅ የሚመጣው ጉዳት ከመዘግየት ያልፋል። ወደ ውስጥ የወደቀ ሰንሰለት የካርቦን ፍሬምን ይቧጭራል፤ ወደ ውጭ የወደቀ ደግሞ ቆሞ ዳገት የሚወጣውን ሰው እግር በድንገት ባዶ ያስረግጠዋል፣ ሊጥለውም ይችላል። በውድድር ታሪክ የሚታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ ቱር ደ ፍራንስ 15ኛ ምዕራፍ ነው። ቢጫ ማሊያ የለበሰው ሉክሰምበርጋዊው አንዲ ሽሌክ በፖርት ደ ባሌስ ዳገት ላይ ኃይሉን ጨምሮ ለማጥቃት በተነሣበት ቅጽበት ሰንሰለቱ ወለቀበት። ስፔናዊው አልቤርቶ ኮንታዶር አልፎት ሄደ፤ በዚያ ቀን በ39 ሰከንድ ቀድሞት ገባና ማሊያውን ወሰደ። ፓሪስ ላይ በሁለቱ መካከል የነበረው የመጨረሻ ልዩነትም ያው 39 ሰከንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የኮንታዶር ውጤት በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ ተሰርዞ ድሉ ለሽሌክ መሰጠቱ ሌላ ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሰንሰለቱ የወለቀው ጉልበቱ በተጨመረበት ቅጽበት መሆኑ ነው።

ማስተካከል የሚጀመረው ከቦታ አያያዝ ነው። ማቀፊያው በትልቁ የፊት ማርሽ አናት ላይ ሲደርስ በውጭው ግድግዳ የታችኛው ጠርዝና በጥርሶቹ ጫፍ መካከል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ የአምራቹ መመሪያ የተለየ ነገር ካላዘዘ በቀርም ግድግዳው ከማርሹ ጋር ትይዩ ይሆናል። ማቀፊያው ከዚህ ዝቅ ካለ በጥርሶቹ ላይ ይጋጫል፤ ይህ ወዲያው ስለሚሰማ ብዙም አያሳስትም። አሳሳቹ ከፍ ሲል ነው። የውስጡ ግድግዳ ሰንሰለቱን ከጥርሶቹ ርቆ ስለሚገፋው ሰንሰለቱ ከመዘዋወር ይልቅ ወደ ጎን ይጎብጣል፤ ወደ ትልቁ ማርሽ መውጣትም እምቢ ይላል። ጠጋኙ ምክንያቱን ሳይለይ የውጭውን ገደብ ብሎን ያላላል፤ ሰንሰለቱም መውጣት ይጀምራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ትልቁን ማርሽ አልፎ በፔዳሉ ክንድ በኩል ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ብሎኑ ቢጠብቅ የመጀመሪያው ችግር ይመለሳል። በዚህ አዙሪት የሚባክነው ጊዜ ሁሉ መነሻው ያልተለካ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። ማሰሪያው ብሎን ሲጠብቅ መቀየሪያውን በጥቂቱ ስለሚያዞረው ከጠበቀ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የውስጡ ገደብ ይመጣል። ሰንሰለቱ ከፊት በትንሹ፣ ከኋላ በትልቁ ማርሽ ላይ ይደረጋል፤ ወደ ውስጥ እጅግ የሚያዘነብለው በዚህ አቀማመጥ ነውና። የውስጡ ግድግዳ ሰንሰለቱን ሳይነካ እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ይጠጋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሽቦው ከማሰሪያው ተፈትቶ መሆን አለበት። የተወጠረ ሽቦ ማቀፊያውን ከገደቡ አርቆ ስለሚይዘው ብሎኑ እየዞረ ምንም ለውጥ አይታይም፤ «ብሎኑ ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድም ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ከዚያ በመሪው ላይ ያለው የማርሽ እጀታ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ይወርዳል፤ ሽቦውም በፒንሳ ተስቦ ይታሰራል። አዲስ ሽቦ ከሆነ ማርሹን ደጋግሞ ከፍና ዝቅ ማድረግና የተፈጠረውን መላላት በማወጠሪያው መመለስ ይገባል። ሽቦው «ተለጠጠ» ይባላል እንጂ የብረት ሽቦ ይህን ያህል አይለጠጥም፤ በቦታው እየተደላደለ መላላቱን የሚያመጣው የሽፋኑ ጫፍ ነው። የውጭው ገደብ የሚስተካከለው በመጨረሻ፣ ሰንሰለቱ ከፊት በትልቁ፣ ከኋላ በትንሹ ማርሽ ላይ ሆኖ ሲሆን፣ ክፍተቱ እዚህም ከ0.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ብሎኑን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር አይመከርም።

አንድ ምልክት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ምርመራው ጥንቃቄ ይሻል። ሰንሰለቱ ወደ ትልቁ አልወጣም ሲል ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ የተጋለጠውን ሽቦ በጣት መሳብ ጥሩ መለያ ነው። ማቀፊያው ተጨማሪ ሄዶ ሰንሰለቱ ከወጣ ሽቦው ላልቷል፤ ማቀፊያው ከቆመበት ካልተነቃነቀ የውጭው ገደብ ጠብቋል፤ በቂ ርቀት ሄዶም ሰንሰለቱ የሚጎብጥ ከሆነ ወደ ከፍታው መመለስ ነው። ወደ ትንሹ አልወርድም ሲል ደግሞ ሽቦው ይፈታል፤ ማቀፊያው ያኔ ከገባ ጥፋቱ በሽቦው ውጥረት ወይም ሰበቃ ላይ ነው። ካልገባ የውስጡ ገደብ ወይም ቆሻሻ የያዘው መገጣጠሚያ ይመረመራል።

መቀየሪያው በሁሉም የማርሽ ጥምረት ፍጹም ጸጥ እንዲል መመኘት ራሱ የስሕተት ምንጭ ነው። ሰንሰለቱ ከፊት በትልቁ፣ ከኋላም በትልቁ ማርሽ ላይ ሲሆን እጅግ ስለሚሰያፍ ግድግዳውን ቢነካ አያስደንቅም። ብዙ እጀታዎች ለዚህ ማቀፊያውን በጥቂቱ የሚያንቀሳቅስ ግማሽ ርምጃ አላቸው። ይህን ድምፅ ለማጥፋት ሲባል ገደቦቹን ማላላት ጸጥታን በሚወልቅ ሰንሰለት መግዛት ነው። በመስቀያ ላይ የተደረገ ሙከራም ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ላይ ከላይ የተሰላው ውጥረት የለምና ማረጋገጫው በመንገድ ላይ፣ በጫና ሥር የሚደረገው ነው።

በሞተር የሚሠሩ መቀየሪያዎች የሽቦውን ክፍል አስቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ ለገበያ የቀረበው የሺማኖ ዱራ-ኤስ ዲአይቱ ሰንሰለቱ ሲሰያፍ ማቀፊያውን በራሱ ያስተካክላል፤ ብስክሌተኛው ለግማሽ ርምጃው ማሰብ አያስፈልገውም። የማቀፊያው ከፍታና ትይዩነት ግን በዚህም ዓይነት መቀየሪያ የሚስተካከለው በእጅ ሲሆን፣ የሚሠራውም ከሁሉ አስቀድሞ ነው።