የቤት ራውተር እንደ ቪፒኤን ደንበኛ፦ መሿለኪያው በማይኖርበት ሰዓት ቤቱ ምን ይሆናል?



የዛሬው ገለጻዬ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቧራ ለብሶ የሚቀመጥን ዕቃ ይመለከታል። የቤት ራውተርን የቪፒኤን ደንበኛ አድርጎ ማዋቀር ዛሬ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቀላል በመሆኑም አብዛኛው ሰው መሿለኪያው መሥራቱን አይቶ ያበቃል፤ መሿለኪያው በማይኖርበት ሰዓት ከቤቱ የሚወጣው መረጃ በየት በኩል እንደሚያልፍ አይመረምርም። ትኩረቴ በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

በስልካችሁ ላይ የቪፒኤን መተግበሪያ ስትጭኑ በመሿለኪያው የሚያልፈው የዚያ ስልክ ልውውጥ ብቻ ነው። መተግበሪያ የማይጫንባቸው ካሜራውና ማተሚያው ውጭ ይቀራሉ። የድረ ገጾች ይዘት በአብዛኛው በራሱ ተመስጥሮ እንደሚጓዝ አልዘነጋሁም፤ ሆኖም ማን ከየትኛው አገልጋይ ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ በመንገዱ ላይ ላለ ሁሉ ይታያል። ራውተሩ ራሱ ደንበኛ ሲሆን ግን የቤቱ ልውውጥ ሁሉ በአንድ በር ተመስጥሮ ይወጣል።

«ደንበኛ» ማለት ግንኙነቱን የሚጀምረው ወገን ነው። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱን ይፋዊ አድራሻ ለብዙ ቤቶች ስለሚያጋሩ ከውጭ ወደ ቤታችን መደወል አይቻልም፤ ከቤታችን ወደ ውጭ መደወል ግን ይቻላል። አገልጋዩ ይፋዊ አድራሻ ካለው በቂ ነው። መሥመሩ ዝም ሲል የአቅራቢው መሣሪያ እንዳይረሳን ራውተሩ በየ25 ሴኮንዱ ትንሽ መልእክት እንዲልክ ይታዘዛል።

ለማሳያነት የምጠቀመው ዋየርጋርድን ነው። በጄሰን ዶነንፌልድ የተነደፈ ሲሆን በ2020 እ.ኤ.አ. በ5.6ኛው እትም ወደ ሊኑክስ ከርነል ገብቷል። የሊኑክስ ኮዱ 4,000 መሥመር ገደማ ስለሆነ አንድ ሰው ተቀምጦ ሊያነበው ይችላል። የሚጠቀምበት ቻቻ20 የተባለው ምስጠራም ለምስጠራ የተለየ ክፍል በሌላቸው ርካሽ ፕሮሰሰሮች ላይ ፈጣን ነው፤ የቤት ራውተሮች ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ናቸው። ኦፕንደብልዩአርቲ በተጫነበት ራውተር ላይ የሚሞላው ጥቂት ነው፦ የራውተሩ የግል ቁልፍ፣ የአገልጋዩ ይፋዊ ቁልፍ፣ የአገልጋዩ አድራሻና የበር ቁጥር (በተለምዶ 51820)፣ በመጨረሻም በመሿለኪያው እንዲያልፉ የተፈቀዱ አድራሻዎች። በዚህ በመጨረሻው ቦታ 0.0.0.0/0 ብቻ ተጽፎ ::/0 ከተረሳና ቤቱ አይፒቪ6 ካለው፣ የልውውጡ ከፊል በጎን ይወጣል።

የጥቅል መጠን ጉዳይንም በአጭሩ ላንሣ። መሿለኪያው በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ እስከ 80 ባይት ስለሚጨምር ከ1500 ላይ ተቀንሶ 1420 ይሆናል፤ መሥመሩ ፒፒፒኦኢ ከሆነ ደግሞ 1412። ትንንሽ ገጾች ተከፍተው ትልልቆቹ ተንጠልጥለው ሲቀሩ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ተመልከቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። ዋየርጋርድ «ተቋረጠ» ብሎ የሚያውጀው ሁኔታ የለውም። አገልጋዩ ቢጠፋ መሿለኪያው በራውተሩ ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ ጥቅሎቹም ገብተው ይጠፋሉ። ይህ ያናድዳል እንጂ አያጋልጥም። የሚያጋልጠው መሿለኪያው ከነጭራሹ ባልተነሣበት ወቅት ነው፦ ራውተሩ ገና ሲነሣ፣ ወይም ማስተካከያ ተበላሽቶ መንገዱ ሲነሣ። ያን ጊዜ ራውተሩ እንደተፈጠረበት ዓላማ ሁሉንም በቀጥታ ወደ አቅራቢው ያሳልፋል፤ ኢንተርኔቱ እንደወትሮው ስለሚሠራም ማንም አያስተውልም። መፍትሔው በኬላው ላይ ነው። በኦፕንደብልዩአርቲ ፋየርዎል ከቤት ውስጥ ክልል ወደ ውጭ ክልል የሚወስደው ፈቃድ አስቀድሞ የተሰጠ ነው፤ እሱን አንሥታችሁ ከቤት ወደ መሿለኪያው ብቻ ትፈቅዳላችሁ። መሿለኪያ ከሌለ መውጫ የለም።

ከፊት ወንበር «ታዲያ በዚህ አበቃ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ እሰማለሁ። አላበቃም። ይህ ሕግ የሚገዛው በራውተሩ ውስጥ አልፎ የሚሄደውን እንጂ ራውተሩ ራሱ የሚያመነጨውን አይደለም። የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚተረጎመው ዲኤንኤስ በብዙ ቤቶች የራውተሩ ሥራ ነው። ስልኩ ራውተሩን ይጠይቃል፤ ራውተሩ ደግሞ በራሱ ስም አቅራቢውን ይጠይቃል። መሿለኪያው በሌለበት ገጹ ባይከፈትም እንኳ የገጹ ስም ወጥቷል። ስለዚህ የአቅራቢውን የዲኤንኤስ አድራሻ መቀበል አጥፍታችሁ በመሿለኪያው ማዶ ያለ አድራሻ ትሰጡታላችሁ።

በዚህ ላይ በአገራችን ሁኔታ ከንድፈ ሐሳብነት ያለፈ አንድ ችግር አለ፤ እሱም መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከሠት ነው። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም፤ ሲነሡ በኋላ ቀር ሰዓት ይነሣሉ። ዋየርጋርድ ደግሞ ግንኙነት ሲጀምር ጊዜን ይልካል፤ አገልጋዩም ከዚያ ደንበኛ ቀደም ሲል ከተቀበለው ያልበለጠ ጊዜ ከመጣ፣ አሮጌ መልእክት ቀድቶ የላከ ሰው እንዳይሆን በማለት ያለ መልስ ይጥለዋል። ራውተሩ ሰዓቱን ለማስተካከል ኢንተርኔት ይሻል፤ ኢንተርኔቱ በመሿለኪያው ነው፤ መሿለኪያው ሰዓት ይጠብቃል። ቤቱ በሙሉ ይዘጋል፤ ምክንያቱ ያልገባው ሰውም ተናዶ የኬላውን ሕግ ያነሣዋል። ጥበቃው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መውጫው ለአንድ የሰዓት አገልጋይ ብቻ ከመሿለኪያው ውጭ የሚሄድ መንገድ መስጠት ነው። አድራሻው በስም ሳይሆን በቁጥር ይጻፍ፤ ስሙን የሚተረጉመው ዲኤንኤስም በመሿለኪያው ማዶ ነውና። የቪፒኤን አገልጋዩም አድራሻ እንዲሁ።

በሌላ በኩል መሿለኪያው እምነትን ቦታ ያስለውጣል እንጂ አያስቀርም። አቅራቢው ያይ የነበረውን አሁን የሚያየው በማዶ ያለው አገልጋይ ባለቤት ነው። ከቤት ሆነው ለሚሠሩ ባልደረቦቼ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። ራውተሩን በሙሉ ከመሥሪያ ቤት አገልጋይ ጋር ያገናኘ ሰው፣ የልጆቹን ጨዋታና የባለቤቱን የሐኪም ቤት ፍለጋ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በኩል እያሳለፈ ነው፤ ቤተሰቡ ግን አልተጠየቀም። ስለዚህ ቤቱን በሙሉ ከማስገባት ይልቅ በዚያው ራውተር ላይ ሌላ የዋይፋይ ስም ከፍቶ ወደ መሿለኪያው የሚሄደው ያ ብቻ እንዲሆን ማድረግን እመርጣለሁ። የሥራ ኮምፒውተሩ በአንዱ፣ ቤተሰቡ በሌላው።

አዋቅራችሁ ስትጨርሱ ሁለት ፈተና አድርጉ። በመጀመሪያ መሿለኪያውን በእጃችሁ አጥፍታችሁ በዚያ ዋይፋይ ላይ ካለ ስልክ አንድ ገጽ ለመክፈት ሞክሩ፤ ስልኩ ሳታስተውሉት በሞባይል ዳታ እንዳይከፍተው ዳታውን ዝጉ። ከተከፈተ ኬላው አልተዘጋም። ቀጥሎም ማታ ራውተሩን ከሶኬቱ ነቅላችሁ ጠዋት ሰኩት፤ ምንም ሳትነኩ ግንኙነቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ የሰዓቱን መንገድ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ማለፍ እንችላለን።