ፍሬን እምቢ ሲል እግር የሚናገረው

ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው በዌስት ቨርጂኒያው የሰሚት ፖይንት የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ፣ ረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ የሚያልቀው በኩርባ ነው። በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ስትበር የመጣች የስፖርት መኪና እዚያ በጥቂት ሴኮንዶች መብረድ አለባት። ይህ በየዙሩ ሲደጋገም ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግልም ያምጻል።

ብዙዎች ወዲያው ሸራ ለመለወጥ ይቸኩላሉ። ኪስን ከመዳሰስ በፊት ግን እግርን መጠየቅ ይበጃል።

ፔዳሉ ልል ሆኖ ወደ ታች ከሰጠመ ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲሱ ዘይት እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ ሲገባበት ግን በ155 ገደማ ሊፈላ ይችላል። የፈላው ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። መፍትሔው ዘይቱን በአዲስ ለውጦ አየሩን ማስወጣት ነው።

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ አልቆም ካለች ሙቀቱ ከሸራው አቅም በላይ ሆኗል፤ ለእሽቅድምድም የተሠራ ሸራ ያስፈልጋታል።

መጀመሪያ ሲረግጡት ጠልቆ በሁለተኛው የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የጎማው ኩሽኔታ እንዳይሆን ይፈተሽ፤ ሲላላ ዲስኩ እየተወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ የዳነ መምሰሉ ነው። ስለዚህ ፔዳሉ የተለወጠበት ሰው «አንድ ዙር ልጨምር» አይበል። በዝግታ ነድቶ፣ አቀዝቅዞ ይውጣ።

ታክሲ ነጂውም ይህን ልብ ይበል። ረጅም ቁልቁለት ላይ የእሱም ዘይት ይፈላል።