የወርቅ ቅንጣቷ አገሯ የት ነው?

ወርቅ አጣቢ ገበቴውን እያዟዟረ አሸዋውን ከውሃው ጋር ሲያስወጣ፣ በመጨረሻ ግርጌው ላይ የሚቀረው ጥቁር አሸዋና ጥቂት ቢጫ ቅንጣት ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራው አሸዋ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። አጣቢው ቅንጣቷን በሚዛን ይገምታታል። የሥነ ምድር ባለሙያ ግን በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ከየትኛው አለት ተፈልቅቃ፣ ምን ያህል መንገድ ተጉዛ እንደ መጣች ይመረምራል።

ከአለቱ ገና የወጣች ቅንጣት ጠርዟ ሹል ነው፤ አንዳንዷም ተጣብቃ ያደገችበት የኳርትዝ ድንጋይ አሻራ ይታይባታል። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ጎርፉ ከድንጋይ ጋር ሲያላትማት በቀላሉ አትሰባበርም፤ ጠርዟ ይታጠፋል፣ ትድበለበላለች፣ ውላ አድራም ትጠፈጠፋለች። በካናዳ ክሎንዳይክ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ወርቅ ተገኝቶ ሕዝብ በጎረፈበት ምድር የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ መድበልበሉ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቶሎ ይፈጸማል፤ መጠፍጠፉ ግን ቀስ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ሹል ቅንጣት የበዛበት ጅረት ምንጩ ቅርብ ሳይሆን አይቀርም።

ሆኖም ቅርጽ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። በጠጠር ውስጥ ተሸሽጋ ሩቅ የተጓዘች ቅንጣት ጠጠሩ ሲፈረካከስ ሹል እንደሆነች ትወጣለች። እኔ ይበልጥ የማምነው የውስጧን ምስክርነት ነው።

የተፈጥሮ ወርቅ ንጹሕ ሆኖ አይገኝም ማለት ይቻላል። ብር ይቀላቀለዋል፤ እንደ ተወለደበት አለት መዳብ፣ ሜርኩሪ ወይም ፓላዲየም ይጨመርበታል። ቅንጣቷ ወንዝ ውስጥ ስትቆይ ግን ከላይኛው ልባሷ ብሩ ይለቅና ገጿ ከውስጧ የጠራ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው ቅንጣቶቹን በሬዚን አጣብቆ፣ እስከ እምብርታቸው ፍቆና አለስልሶ፣ የኤሌክትሮን ጨረር ይለቅባቸዋል። ከየነጥቡ የሚመለሰው ኤክስሬይ የትኛው ንጥረ ነገር በምን ያህል መጠን እንዳለ ይናገራል። ከሁሉ የሚያስደንቁኝ ደግሞ በወርቁ ሆድ ውስጥ ታሽገው የሚገኙት እጅግ ደቃቅ ማዕድናት ናቸው። ወርቁ ሲፈጠር አብረውት ስለነበሩ፣ አለቱ ተሸርሽሮ ቢያልቅ እንኳ ምን ዓይነት እንደነበረ ይመሰክራሉ። እርግጥ አንዲት ቅንጣት አትበቃም፤ ከአንድ ጅረት በርካቶች ተለክተው የብራቸው መጠን ሲነጻጸር፣ ወርቁ ከአንድ ምንጭ ይሁን ከሁለትና ከሦስት ይለያል።

ለእኛ አገር ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በጉጂ፣ በአዶላ አካባቢ የደለል ወርቅ መታጠብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን፣ ከአለት ወርቅ የሚያወጣው የለገደንቢ ማዕድን ሥራ የጀመረው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በቤንሻንጉልም ዛሬ ድረስ ብዙ ቤተሰብ ወርቅ በማጠብ ይተዳደራል። የሚታጠበው ወርቅ ግን ቶሎ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም ቅርጹ ይጠፋል፣ የየቅንጣቱ ልዩነት ይደባለቃል፣ በውስጡ የታሸገው ማዕድንም ይበተናል። ሲታጠብ በሜርኩሪ ተጣብቆ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የተፈጥሮውን ሜርኩሪ ከተጨመረው መለየት ያስቸግራል። ከየጅረቱ ጥቂት ቅንጣት በተገቢው ዋጋ ተገዝቶ፣ የተገኘበት ቦታ ተጽፎበት ሳይቀልጥ ቢቀመጥ፣ ምንጩን የሚፈልገው ባለሙያ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ወደየትኛው ተራራ ማቅናት እንዳለበት ያውቃል።