ቨርቹዋል ማሽኑ ኢንተርኔት አለው፣ ከላፕቶፔ ግን አላገኘውም!

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነው፦ «ቨርቹዋልቦክስ ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር ጫንኩ፤ ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ከላፕቶፔ ፒንግ ሳደርገው ግን ዝም!»

ምንም አልተበላሸም። ቨርቹዋልቦክስ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ «ናት» የሚባለውን ነው። የግቢ ዘበኛ በሉት፤ ከውስጥ የወጣውን ያሳልፋል፣ ከውጭ የመጣውን ይመልሳል። ማሽኑ ውስጥ ገብታችሁ አይፒውን ብታዩ 10.0.2.15 ነው (የኔም፣ የጎረቤቴም እንደዚያው)፤ ላፕቶፓችሁ ይህን አድራሻ አያውቀውም።

እኔ «ናት»ን አልነካውም። ማሽኑን አጠፋና ሴቲንግ ውስጥ፣ ኔትወርክ ላይ፣ አዳፕተር 2ን «ሆስት ኦንሊ» አደርገዋለሁ። ላፕቶፑ 192.168.56.1 ይይዛል፤ ማሽኑም ከዚያው ሰፈር፣ ብዙ ጊዜ ከ101 ጀምሮ ያለውን ያገኛል። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ግን አዲሱን ካርድ ኔትፕላን ፋይሉ ውስጥ ካላስገባችሁት አይፒ አይወስድም። እኔን አንድ ምሽት ሙሉ ያስቀመጠችኝ ይቺው ነች።

እዚያው ያለው «ብሪጅድ» የሚባለው ምርጫስ? ማሽኑን በቀጥታ ከቤት ራውተራችሁ ጋር ያገናኘዋል። ቢሮ ውስጥ ሳታስፈቅዱ አትሞክሩት።

ላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ ሆኖ ከማሽኑ ወደ እሱ ፒንግ እምቢ ካለ መጀመሪያ ፋየርዎሉን እዩ። አሁንም ካስቸገራችሁ የኔትወርክ ሴቲንጉን ስክሪንሾት ኮመንት ላይ ጣሉልኝ።