የቤታችን ራውተር፦ ሥራው፣ ምርጫውና ጥበቃው

ኢንተርኔት በገባበት ቤት ሁሉ ራውተር አለ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል ወይም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ነቅሎ ከመሰካት በቀር ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሆኖም የባንክ ሂሳባችን፣ የልጆች ትምህርት፣ ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር የምናደርገው የቪዲዮ ጥሪ፣ ሁሉም በእሱ በኩል ያልፋል። ከውጭ እስከ ራውተሩ ያለውን መስመር የሚያስተዳድረው አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ነው፤ ከራውተሩ ወዲህ ያለው ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ድርጅት ሲመረጥ የሚጠየቀው ስለ ውጭው መስመር፣ ለደኅንነት ሲባል የሚሠራው ደግሞ ከራውተሩ ወዲህ ባለው ላይ ነው። ይህን ድንበር ለይቶ ማወቅ ገንዘብም ያተርፋል፣ ከጉዳትም ያድናል።

ከውጭ የሚመጣው መስመር

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በስልክ መስመር እየተደወለ ይገባ ነበር፤ ኋላ በመዳብ ሽቦ የሚሠራው ብሮድባንድ መጣ፤ ዛሬ በከተሞች እሱም በፋይበር እየተተካ ነው። ፋይበር እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ መረጃው በውስጡ በብርሃን ይጓዛል። ለቤት በሚዘረጋው የተለመደ አሠራር፣ ከድርጅቱ ጣቢያ የሚነሳ አንድ ፋይበር መንገድ ላይ ተከፋፍሎ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይዳረሳል። በሰከንድ ወደ 2.5 ጊጋ ቢት የሚጠጋውን አቅሙን እነዚህ ቤቶች ይጋሩታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የድርጅቱ ዋና መስመርም የጋራ ነው። ከሰዓት ፈጣን የነበረው ኢንተርኔት ሁሉም ሰው ቤቱ በሚገባበት ምሽት የሚንቀራፈፈው አንድም በዚህ የተነሳ ነው። ውሉ ላይ «እስከ» ተብሎ የተጻፈው ፍጥነት ጣሪያው ነው፤ ሁልጊዜ ይገኛል ማለት አይደለም።

ፋይበር መታጠፍ አይወድም። ገመዱ በማዕዘን ላይ ክፉኛ ከተጠመዘዘ ወይም ሶፋ ከተጫነው ብርሃኑ ያፈተልካል፣ መስመሩ ይዳከማል። ገመዱ የሚሰካበት ሳጥን ላይ «ኤል ኦ ኤስ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቀይ መብራት ከበራ ብርሃኑ ጨርሶ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት አይጠቅምም፤ ገመዱ በደንብ መሰካቱንና አለመታጠፉን አይቶ ለድርጅቱ መደወል ነው።

ፋይበር ባልደረሰበት ሰፈር ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር አለ። በሞባይል ኔትወርክ ስለሚሠራ ፍጥነቱን የሚወስነው የአንቴናው ማማ ርቀትና በአካባቢው ያለው የተጠቃሚ ብዛት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለዓመታት ብቻውን በቆየበት ገበያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ ስለጀመረ፣ ዛሬ በብዙ ከተሞች በሞባይል በኩል ምርጫ አለ። ራውተር ከመግዛት በፊት የሁለቱንም ሲም ስልክ ውስጥ አስገብቶ፣ ራውተሩ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ፍጥነቱን መለካት ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እውነቱን ይነግራል። ፋይበር ለሚያስገባም ሰው እዚያው ሕንጻ ላይ ያለ ጎረቤት የምሽቱን ሁኔታ ይነግረዋል።

ከመፈረም በፊት

ብዙ ቅሬታ የሚነሳው ከመለኪያው ነው። ድርጅቶች ፍጥነትን የሚናገሩት በሜጋ ቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚለካው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ «10 ሜጋ» የተባለው መስመር በሰከንድ የሚያወርደው 1.25 ሜጋ ባይት ነው። 1 ጊጋ ባይት የሆነ ፊልም በዚህ መስመር ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ጥራት ላለው ቪዲዮ ለአንድ ቴሌቪዥን 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃል። ስለዚህ የቤተሰቡን ቁጥርና በአንድ ሰዓት ስንት ሰው እንደሚጠቀም አስልቶ መግዛት ይሻላል። ትልቁን ፓኬጅ መርጦ በየወሩ ለማይጠቀሙበት ፍጥነት መክፈል ብክነት ነው።

አራት ጥያቄዎች ሳይመለሱ መፈረም አይገባም። አገልግሎቱ ገደብ አለው ወይ፣ ገደቡስ ሲያልቅ ይቋረጣል ወይስ ፍጥነቱ ይቀንሳል? ብልሽት ሲያጋጥም ጥገናው በስንት ቀን ይደርሳል? ራውተሩ የማን ንብረት ነው? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል? ለመጨረሻው መልሱ እኛው ዘንድ አለ፤ ፋይበሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ የሚጠፋው ራውተሩ ነው። ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለእነሱ ተብሎ የተሠራ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ለሰዓታት ሊያቆያቸው ይችላል።

ከራውተሩ ወዲህ

ራውተሩ ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር የየራሱን አድራሻ ይሰጣል፤ የሚመጣውን መረጃ ለይቶ ለየባለቤቱ ያደርሳል። ዋይፋዩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት የሬዲዮ ሞገዶች ይሠራል። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን ዝግ ያለ ነው፣ የጎረቤት ራውተሮችም ያጨናንቁታል። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግን በብሎኬትና በኮንክሪት ቶሎ ይዳከማል። ራውተሩን ከወለል ከፍ አድርጎ በቤቱ መሐል ማስቀመጥ፣ ከብረት ቁም ሣጥን፣ ከመስታወትና ከውኃ ታንከር ማራቅ ያለ ምንም ወጪ ለውጥ ያመጣል።

ጥፋቱ ከማን እንደሆነ ለመለየት ኮምፒውተርን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ መለካት ይበቃል። በኬብሉም ቀርፋፋ ከሆነ ድርጅቱ ይጠየቅ። በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ከተንቀራፈፈ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው።

ጥበቃው

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጠረ። የረቀቀ ዘዴ አላስፈለገውም፤ ከፋብሪካ የሚመጡ 60 ያህል የመግቢያ ስሞችና ፓስወርዶች እየሞከረ ገባ፤ ባለቤቶቹ አልቀየሯቸውም ነበርና። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእሱ ዝርያ በጀርመን የዶይቸ ቴሌኮምን 900,000 ያህል ደንበኞች ከአገልግሎት ውጭ አደረገ። ከዚያ ቀደም ብሎ በብራዚል በሞደሞች ሶፍትዌር ላይ በነበረ ክፍተት የገቡ ወንጀለኞች 4.5 ሚሊዮን ሞደሞችን አበላሽተው ነበር። የባንክን ስም ስንጽፍ ሞደሙ ትክክለኛውን የቁጥር አድራሻ የሚጠይቀው ዲ ኤን ኤስ ከሚባል ኮምፒውተር ነው፤ እነሱ ይህን ለውጠው ሰውን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ይመሩት ነበር። ሰውየው አድራሻውን በትክክል ጽፎ እንኳ ተዘረፈ።

እኛ ዘንድ የተለመደው ስሕተት የስልክ ቁጥርን የዋይፋይ ፓስወርድ ማድረግ ነው። ሌባ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስልካችን ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን መልእክት ቀድቶ መሄድና በራሱ ኮምፒውተር ላይ መገመት ይችላል። ከ09 በኋላ ያሉት ስምንት አሃዞች 100 ሚሊዮን አማራጭ ብቻ ይሰጣሉ፤ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይህን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዞ መጻፍ ግን ለመገመት እጅግ ከባድ፣ ለቤተሰቡ ደግሞ ለማስታወስ ቀላል ነው።

የቀረው ሥራ አጭር ነው። ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ከፍቶ ወደ ሴቲንጉ መግባት፤ የሴቲንጉን ፓስወርድ ከዋይፋዩ የተለየ አድርጎ መቀየር፤ የጥበቃውን ዓይነት ደብልዩ ፒ ኤ 3፣ ከሌለ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ማድረግ። በፓስወርድ ፋንታ በአጭር ቁጥር የሚያስገባውን፣ ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለውን መንገድ መዝጋትም ያስፈልጋል። ባለ ስምንት አሃዙ ቁጥር በሁለት ተከፍሎ ስለሚፈተሽ በ11,000 ሙከራ ሊሰበር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል። የራውተሩን ሶፍትዌር አፕዴት ማድረግ የብራዚሉን ዓይነት ክፍተት ይደፍናል። ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ መክፈት ደግሞ የቤተሰቡን ፓስወርድ ለሁሉ ከመንገር ያድናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ራውተር የማይከላከለው አደጋ አለ። «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ የቴሌብርን ሚስጥር ቁጥር፣ ወይም በአጭር መልእክት የመጣውን የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅ ሰው ራውተሩን አይነካም፤ የሚገባው በእኛው አንደበት ነው። ትክክለኛ የድርጅቱ ሠራተኛ ሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። ይህ ለልጆችም ለአያቶችም ተደጋግሞ ሊነገር ይገባል። ቴሌግራምና ኢሜይል ላይ ሁለተኛ የማረጋገጫ ደረጃ መክፈትም ኮዱ በስሕተት ቢወጣ እንኳ አካውንቱን ያተርፋል።

ሸክሙ ግን በደንበኛው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የፋብሪካ ፓስወርድ ያላቸውን መሣሪያዎች መሸጥ በሕግ ከልክላለች። እኛም ዘንድ እያንዳንዱ ራውተር የራሱ ፓስወርድ ኖሮት እንዲመጣ፣ መስመር የሚዘረጋው ቴክኒሻንም ከመሄዱ በፊት ለባለቤቱ አሳይቶ እንዲያስቀይር ማድረግ ለድርጅቶቹ ከባድ ወጪ አይደለም። ይህን መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው። ቴክኒሻኑ መሰላሉን ከማጠፉ በፊት «ፓስወርዱን እንዴት እንደምቀይር ያሳዩኝ» ይበሉት፤ ለአገልግሎቱ ከፍለውበታልና።